መርዶ ይዘን ሙዋይለህን ስንፈልግ

ባለፈው ሳምንት ሎሚ ልገዛ ከቤት ወጣሁ። ሱቁ ከበራችን ፊት ለፊት ነው፤ ባለሱቁ ሲያዛጋ የወርቅ ጥርሱ ይታየኛል። ዱሮ ግራ ቀኜን አይቼ ሻገር እልና ሎሚዬን ይዤ እመለስ ነበር። አሁን መንገዱ ሰፋ፣ መሀሉ ላይ እስከ ደረቴ የሚደርስ ብረት ተተከለ፣ ሰደርያ የለበሰ አንድ ጎረምሳ ቆመና "እማማ፣ በዚያ በኩል ዞረው ይምጡ" ብሎ ጣቱን ወደ ሩቅ ቀሰረ። ዞሬ ስመጣ ሱቁ ተዘግቶ ደረስኩ። ቤት ገብቼ ስነጫነጭ የእህቴ ልጅ ባል፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጎልቶ የሚውለው፣ ሳቀና "እትዬ ከድጃ፣ ከተማችን እኮ ዱባይ መሰለች! ከሰው ሁሉ ደስ ሊልዎት የሚገባው እርስዎን ነበር" አለኝ። ድንቄም ደስ ሊለኝ! በሰው ቤት ተቀምጬ አፌን አልከፍትም። እዚህ ግን ልክፈት።

ስሙኝማ፣ እኔ ዱባይን ሳውቃት ሰው በእግሩ የሚሄድባት ከተማ ነበረች። ያኔ ዴራ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከተማዋን ለሁለት ከሚከፍላት የባሕር ሰርጥ፣ ከክሪኩ ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ሽማግሌ ማዳም ቤት እሠራ ነበር። አርብ ከሰዓት "ያላ፣ ሂጂ" ስትለኝ ከናይፍ ገበያ የገዛኋትን ባለ ወርቅማ ቁልፍ ቀሚስ እለብስና ጥቁር ዐባያዬን ከላይ ደርቤ እወጣለሁ። ቀሚሷን ማን ያያታል? ማንም። እኔ ግን ውስጤ እንዳለች አውቃለሁ፣ በቃ። ከመተላለፊያ ወደ መተላለፊያ እየተሹለከለክሁ፣ የሕንዶቹን ጨርቅ ቤት አልፌ፣ ትኩስ ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልሎ የሚሸጠውን ኢራናዊ አልፌ፣ ካሴት የሚቀዳው የሱዳኑ ልጅ ጋ እደርሳለሁ። ያ ልጅ እኛን አበሾቹን ባየ ቁጥር የራሱን ዘፈን ያጠፋና የአማርኛ ካሴት ይከታል። ቃሉ አይገባውም፣ እንደምንቆምለት ግን በደንብ ይገባዋል። ከዚያ ውሃው ዳር። በአብራ ጀልባ መሻገሪያው ሃምሳ ፊልስ፣ ሻይ በወተት ሃምሳ ፊልስ። አንድ ድርሃም የያዘች ሴት ማዶ ተሻግራ ሻይዋን ጠጥታ እንደ ሰው ተቀምጣ ታመሻለች። ወደ በርበራና ወደ ጅቡቲ የሚሄዱትን የእንጨት መርከቦች ሲጭኑ እናያለን፤ ፍራሽ፣ ፍሪጅ፣ ጎማ። "ይሄ ፍራሽ ኮምቦልቻ ይደርስ ይሆን?" እንባባላለን። መንገድ ጠፋብኝ የሚባል ነገር አልነበረም። አንዱ ቅያስ ወደ ሌላው ቅያስ ያስወጣል፣ እሱም ካላስወጣ ውሃው ዳር ይጥላል። የመንገድ ስም የሚባል ነገር የትኛችንም አናውቅም፣ አስፈልጎንም አያውቅ።

ከዚያ ያቺ ከተማ ምን እንደነካት እንጃ፣ ወደ አሸዋው መሮጥ ጀመረች። ኪራይ በጨመረ ቁጥር እኛም ከኋላዋ እንሮጣለን። መጀመሪያ ጎረቤት ከተማ ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር ገባሁ፤ እሱ እንኳ ደግ ነበር፣ ከቤት ወጥተሽ ሰው ታያለሽ። ከሮላ አጅማን። ከአጅማን ተመልሼ ሻርጃ ሰናያ፣ የጋራዥና የመጋዘን ሰፈር፣ ስድስት ሴቶች በመጋረጃ የተከፋፈልናት ክፍል ውስጥ አንድ ቤድ ስፔስ፣ የአልጋ ቦታ ብቻ። አዲስ የተሠራውን ሰፈር ሁሉ በዐይኔ አይቻለሁና አትሸውዱኝም። ሰፈር አይደለም። ግቢና ግቢ ተኳርፈው፣ ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው የተቀመጡበት ሜዳ ነው። እያንዳንዱ አንድ በር ብቻ አለው፣ ያም በር ወደ ትልቁ መንገድ ነው። ከግንቡ ጀርባ ያለች ጎረቤትሽ ጋ ጨው ልትበደሪ ብትፈልጊ መጀመሪያ መኪና መግዛት አለብሽ። የእግረኛ መንገድ የሚሉት ደግሞ አለላችሁ። ያምራል፣ ዋላሂ ያምራል፤ ቀይ ሸክላ ተነጥፎበት፣ ዳሩ ላይ አበባ ተተክሎ ውሃ እየጠጣ። ትንሽ ትሄዱና እዚያው አሸዋው ላይ ያልቃል። ለምን አለቀ? ያሠራው ሰውዬ ደክሞት በመኪናው ወደ ቤቱ ሄዶ ይሆናላ! አበባ የሚያጠጣ ቧንቧ እስከ ጫፍ ዘርግተው ሰው የሚሄድበትን ከመንገድ ያስቀሩ ሰዎች ናቸው እንግዲህ የሠለጠኑት።

ሙዋይለህ ከሰናያ ማዶ ነው። ማዶ ስላችሁ የእውነት ማዶ፤ መሀል ላይ ያ መኪና የሚግተለተልበት አውራ ጎዳና አለ፣ ከዚያ ወዲያ ገና ቀለሙ ያልደረቀ ፎቅ ይጀምራል። ጓደኛዬ ዘሀራ እዚያ ትሠራ ነበር፣ አንዲት አስተማሪ ማዳም ዘንድ፣ ከመንገዱ አፋፍ ላይ ባለ ፎቅ። ከኛ ጣሪያ ላይ ሆኜ የነሱን ሰገነት አየዋለሁ። ልብስ ስታሰጣ አንሶላውን ከፎጣው እለያለሁ። ታዲያ አርብ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ታክሲው መጀመሪያ ወደ ዱባይ ይነዳል፣ ድልድይ ይወጣል፣ ይዞራል፣ ድልድይ ይወርዳል፣ ዱባይ ሙሀይስና ድረስ የሚያደርሳት እስኪመስላት ድረስ ይሄድና ተመልሶ እኔ በር ላይ ይጥላታል። "ውይ እትዬ፣ ከወሎ የመጣሁ ነው የመሰለኝ" ትለኛለች ዐባያዋን እያራገፈች። ያን ጊዜ ያስቀን ነበር።

ዘሀራ የደሴ ልጅ ነች፣ እኔን በዕድሜ ብዙ ትከተለኛለች። ባሏ ጥሏት ሲሄድ ልጇን እንድሪስን ከእናቷ ጋር ትታ የመጣች ናት። ሲያድግ ባጃጅ ገዛችለት። ያቺን ባጃጅ ከሷ ይልቅ እኛ ነን በቃላችን የምናውቃት፤ ቀለሟን፣ ወንበሯን፣ መስታወቷ ላይ የተንጠለጠለውን ጌጥ። ስልኳን ታወጣና "እዩት እንግዲህ፣ እዩት ሲነዳ!" ስትል እንጀራ የቆረሰ እጃችንን አየር ላይ አቁመን እናያለን። ምን እናድርግ፣ ደስታዋ ነዋ።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ማዳሞቹ በር ቆለፉ። የዘሀራዋ ማዳም ጭራሽ ባሰች፤ አርብ መውጣት ኸላስ፣ ቀረ፤ ቆሻሻ ለመጣል እንኳ መውጣት ኸላስ። ልጆቿ በኮምፒውተር እየተማሩ ዘሀራ ሦስቴ ምግብ ትሠራለች፣ አሥሬ በር እጀታ በክሎሪን ትወለውላለች። ማታ ማታ ደግሞ ማዳም ስልኳን ትነጥቃታለች፣ "አምሽተሽ ታወሪና ጠዋት ሹግል፣ ሥራሽ ላይ ታንቀላፊያለሽ" ብላ። አጥፍታ መሳቢያ ውስጥ ትቆልፍበትና ጠዋት ቁርስ ከተነሳ በኋላ ትመልስላታለች። እንደ ተማሪ! የአርባ ዓመት ሴት! ይህቺን ሴትዮ በዐይኔ አይቻት አላውቅም፣ ግን ከልቤ ጠልቻት ነበር። ዘሀራ ግን "ክፉ አይደለችም፣ ፈርታ ነው" ትለኛለች። እኔ እቴ! ምን አስፈራት ስልኩን?

ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ የማታው እገዳ ተጀምሮ ሁሉም ቤቱ ከገባ በኋላ ስልኬ ጮኸ። የዘሀራ ወንድም ነው፣ ከደሴ። ድምፁን ስሰማ ገባኝ። እንድሪስ ሞተ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንቢ ብሎት ከነባጃጁ ገደል ገባ። ቀብረውት ነበር የደወሉልኝ። "እትዬ ከድጃ፣ አደራሽን፣ ሰው ሰብስበሽ አንቺ አርጂልን" አለኝ። "ፌስቡክ ላይ እንዳይወጣ ብለን ለምነናል፤ ግን የሰፈሩን ጎረምሳ ማን ይከለክለዋል? እስከ ነገ ጠዋት ነው የምንይዘው።" እናንተዬ፣ ልጅ የሞተባትን ሴት ስልክ ሊያረዳት! ቁርስ ሳህኗን አጥባ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ስልኳን ስትከፍት የልጇ ፎቶ ከነሻማው። ብቻዋን። የሚይዛት ሳይኖር፣ ውሃ የሚረጭላት ሳይኖር፣ አይዞሽ የሚላት ሳይኖር። እንዲህ ያለ ነገር ለጠላቴም አልመኝ። ማዳም ስልኩን ከመሳቢያ ሳታወጣ መድረስ ነበረብን፤ የሴትዮዋን ቁጥር ደግሞ ማናችንም የለንም።

እኛው ፎቅ ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ሰዎች ቀሰቀስኩ። አንዱ ጋሽ ሰይድ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ቤት የተቀመጠ፣ አረብኛው እንደ ውሃ የሚወርድ፣ ሽበቱ የሚያስከብር ሰው። ሌላዋ ሙሉ፣ ሆቴሉ ቀንሷት ሥራ ፈት የሆነች የሸዋ ልጅ፣ ቁመቷም ጉልበቷም ሸጋ፤ ዘሀራ ስትወድቅ የሚይዛት ጠንካራ ክንድ ያስፈልጋል። በስልክ ደግሞ ኢንጂነሩን አገኘነው። ኢንጂነሩ ዱባይ፣ አንድ ቢሮ ውስጥ መንገድ የሚስል አበሻ ነው፤ መኪና አለው፣ ክፉ ልጅም አይደለም። ግን ያኔ ዱባይ ያለ ፈቃድ ከቤት መውጣት አይቻልም፣ ለመርዶ የሚሰጥ ፈቃድም የለም። "አይጨነቁ እትዬ፣ በጣም ቅርብ ነው" አለኝ። "በመኪና እኮ አራት ደቂቃ ነው።"

"መኪና የለንም ልጄ።"

"ታክሲ ነዋ!"

"በኮሮናው ከሁለት ሰው በላይ አይጭንም። ሰናያም ጠሪ ካልለመነ አይመጣም።"

"እንግዲያውስ በእግር። ቆይ ካርታውን ልየው።" የኮምፒውተሩን ቁልፍ ሲጫን ይሰማኛል። "በአየር ቢሆን አንድ ኪሎ ሜትርም አይሞላም" አለኝ ቆይቶ።

"እኛ አሞራ ነን እንዴ?"

"አይ፣ ማለቴ... መሻገሪያ ድልድይ እዚያ አካባቢ አያሳየኝም። ግን አንድ ቦታ መኖር አለበት። የሰው ሰፈር ነው፣ እንዴት አይኖርም?" ይኸውላችሁ መንገድ የሚስለው ሰውዬ! መኖር አለበት አለ። ወረቀት ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር መኖሩ አይቀርም።

ጋሽ ሰይድ "ሁለታችን በታክሲ እንሂድ" ቢለኝ እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። መርዶ ሁለት ሰው ይዞ ይኬዳል? እንደ ዕዳ ጠያቂ? ደግሞስ ምን ቸገረን፣ ያው እዚያ ናት፤ ከጣሪያው ላይ ሆኜ መብራቷን እያየሁት! ለኛ የታየ ነገር የተደረሰ ነው። አገራችን ላይ ከዚህ ተራራ ያ ተራራ ከታየህ ትሄዳለህ፣ ትደርሳለህ፣ ሌላ ምን ጣጣ አለው? ሌሊቱን ጣሪያ ላይ ሆኜ የሷን መብራት ሳይ አድሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል፣ እገዳው ሲነሳ ወጣን። ነጠላችንን በየቦርሳችን ደብቀን፣ በማስክ ታፍነን፣ ፖሊስ ሰልፍ ናቸው እንዳይለን ተራርቀን። ሙሉ ዘሀራ ፊት ላይ የሚረጭ ውሃ በፕላስቲክ ይዛለች።

የመጀመሪያው ግንብ የመጋዘን ግንብ ነበር። ጫፉ ጋ እንታጠፋለን አልን፤ ጫፉ ላይ ሌላ ግንብ። ከዚያ አበባ የተተከለበት መንገድ አገኘንና ደስ አለን። አለቀ። አሸዋ። ከአሸዋው ወዲያ አንድ ትልቅ የውሃ መውረጃ ቦይ፤ ጋሽ ሰይድ ወርዶ እኛን እየሳበ አወጣን፣ ጫማዬ ውስጥ ግማሽ በረሃ ገባ። ከቦዩ በኋላ አደባባይ፣ መኪና ብቻ የሚዞርበት። የጥበቃ ሰው አየንና ጋሽ ሰይድ ጠየቀው። "ሙዋይለህ?" አለ ሰውዬው፣ በእጁ ወደ ፎቁ እያሳየ። "ያውላችሁ።" መንገዱስ ሲለው ትከሻውን ነቀነቀ። ያውላችሁ ይላል እንጂ አንድም ሰው መሄጃውን የሚያውቅ የለም። አበሾቻችን ወደ አገር ቤት ደብዳቤ ሲጽፉ ግን ዓለምን ያገናኘች ከተማ ነው የሚሏት።

ፖሊስ መኪና አጠገባችን መጣና ቆመ። ወጣት ነው፣ ጓንት አጥልቋል። "ወዴት ናችሁ?"

"ሙዋይለህ፣ ለቅሶ ቤት" አለው ጋሽ ሰይድ በአረብኛ።

ልጁ ግራ ቀኙን አየ። "መኪናችሁ የታለ?"

"በእግራችን ነው።"

"በእግር?" በድንጋጤ አየን እኮ፣ በዋና ነው ያልነው ይመስል። ሊቀጣን አልፈለገም፣ አዘነልን። ተራርቃችሁ ሂዱ ብሎ ጥሎን ሄደ። ሦስት ሰው በማለዳ በእግሩ ሲሄድ ከበሽታው ይበልጥ ያስደነገጠው ይመስለኛል። ሰዓቱ እየሄደ ነው። ማዳም ተነስታ ይሆን? ሻይ ጠጥታ ይሆን? "ያ ረቢ፣ ያቺ መሳቢያ ትቆይ" እያልኩ እጎተታለሁ። ሙሉ ቦርሳዬን ነጠቀችኝ። "እትዬ፣ ይደገፉኝ።" እንዳልደገፋት ተራርቃችሁ ሂዱ ተብለናል። ተደገፍኳት፣ ምን ላድርግ!

በመጨረሻ አንድ ጋራዥ ጀርባ አልፈን ብቅ ስንል ፎቁ ፊት ለፊታችን ነው። አውራ ጎዳናው ጋ ደረስን። ሽቦ አጥር፣ ከኔ ቁመት በላይ። ከአጥሩ ወዲያ መኪና፣ መኪና፣ መኪና። ሰው ቤቱ ሲታሰር ካሚዮኑ አልታሰረ! ከመኪናው ወዲያ ሌላ ሽቦ አጥር፣ ከሱ ወዲያ የዘሀራ ሰገነት፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ። የተሰጣው የልጆች ካልሲ ይታየኛል። ጋሽ ሰይድ አጥሩን በሁለት እጁ ይዞ ግራ አየ፣ ቀኝ አየ። ድልድይ የለም። ዋሻ የለም። ዐይን እስኪታክተው ድረስ ሽቦ ነው።

"እንመለስ ከድጃ" አለኝ። "ታክሲ እንለምን። እዚህ እንዳትቆሚ፣ ዘሀራ ታይሻለች።"

"ትንፋሼን ልሰብስብ፣ ትንሽ ብቻ።"

"አሁን ነው የምልሽ!"

ሰገነቱ ላይ በሩ ተከፈተ። ዘሀራ ናት፣ ምንጣፍ ልታራግፍ። አንዴ አራገፈች፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ቀና አለችና አየችን። ሳንተያይ ስንት ጊዜያችን! ምንጣፉን ጥላ እጇን ወደ ላይ ሰቅላ አወዛወዘችልኝ፣ እየዘለለች፣ እንደ ልጅ። እኔም ሳላስበው እጄን አነሳሁ። ከዚያ እጇ አየር ላይ ቀረ። ጋሽ ሰይድን አየችው። ሙሉን አየቻት። ሦስት ሰው፣ በማለዳ፣ አንድ ላይ፣ ሳይጠሩት የመጣ። ለሐበሻ ይሄ ይተረጎማል?

ጮኸች። ካሚዮኑ በላው፣ አልሰማንም። እኔም ጮህኩ፣ ምን እንዳልኩም አላውቀው። አለመሰማማታችን ሲገባት አፏን ዘጋችና ወገቧን ጎንበስ አድርጋ፣ የሌለ ምርኩዝ እንደያዘች ሽማግሌ ሴት ሁለት እርምጃ ሄደች። እናቴ ናት ወይ? ራሴን ነቀነቅሁ፤ አይደለችም። ደረቷ ላይ እጇን አሳርፋ ወደ ሰማይ አየች፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ አልሐምዱሊላህ ነበር ያለችው። ዋላሂ ያቺን ምስጋናዋን እስከ ዛሬ መርሳት አቃተኝ።

እኛ አልተንቀሳቀስንም። ቆይታ፣ ቀስ ብላ፣ ሁለት እጇን ጨብጣ ወደ ፊት ዘረጋች። የባጃጅ መሪ ይዛ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዞረችው። እያየችኝ ነው። ጋሽ ሰይድ ፊቱን አዞረ። ሙሉ ነጠላዋን ከቦርሳዋ አወጣች። እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ዘሀራ እዚያው ሰገነቱ ወለል ላይ ወደቀች፣ ግንቡ ጋረዳት። ሙሉ ሽቦውን በሁለት እጇ ይዛ እየናጠች "ያዟት! አንድ ሰው ያዟት!" ትላለች፣ ለማን እንደምትል እንጃ። ከዚያ በሩ ውስጥ ሌላ ሴት ብቅ አለች፣ ያቺ ማዳሟ መሆኗ ነው፤ ጸጉሯ ያልተሸፈነ፣ የሌሊት ልብስ የለበሰች፣ አጭር ሴትዮ። መጀመሪያ ወለሉን አየች፣ ከዚያ በመንገዱ ማዶ እኛን አየችን፣ አሸዋ ላይ የተቀመጥኩትን፣ ነጠላ የለበሰችውን። ምን እንደገባት አላውቅም። እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ወደ ዘሀራ ጎንበስ አለች፣ እሷም ከግንቡ ጀርባ ጠፋች። ረጅም ጊዜ አልተነሳችም።